የቃጫ መስመር

ቃጫ ጣዕም አለው። ይህን የሚያውቅ ሰው ዛሬ ብዙ የቀረ አይመስለኝም። መጀመሪያ ጢስ ጢስ ይላል፣ ቀጥሎ ኮምጠጥ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ምላስ ላይ የሚቀረው እርጥብ አፈር የመሰለ ነገር ነው። ባለፈው ሰሞን ከአገር ቤት ቅቤ በቅል ተልኮልኝ መርካቶ ሱቄ ድረስ መጣ፤ የቅሉ አፍ በኮባ ተሸፍኖ በቃጫ ተጠፍሯል። ቋጠሮው እምቢ ሲለኝ ሳላስበው በጥርሴ ያዝኩት። ሠራተኛዬ አየኝና «ጋሼ፣ ጥርስዎን ነካዎት እንዴ?» አለኝ። ለካ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። «አዎ፣ ጥርሴን ነው» አልኩት። ለእሱ ከየት ጀምሬ እነግረዋለሁ? ላንተ ግን ጊዜ ካለህ ልንገርህ።

የምሸጠው ሽቦ ነው። ሽቦ፣ አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ናስትሮ። ዕድሜዬን ሙሉ ሸጥኩት እንጂ አንድ ቀን ግድግዳ ላይ ዘርግቼ ደመወዝ በልቼበት አላውቅም። ኤሌክትሪሻኖች ለግዢ ሲመጡ ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን አያለሁ፤ ይህን ልማዴን የሚያውቁ ይስቁብኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እኔም እንደነሱ ልሆን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ወልቂጤ ያኔ መብራት የምታገኘው ከምሽት እስከ እንቅልፍ ሰዓት ነበር። ከገበያው ጀርባ በቆርቆሮ የተከደነ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ የናፍታ ሞተር ነበረ፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እያስነጠሰ ይነሳና ሆቴሎቹን፣ አውራጃ ግዛቱን፣ የነጋዴዎቹን ቤት ያበራል። ቀሪው ሕዝብ ከሩቅ ያያል። እኔ እዚያ ሞተር ቤት ተለማማጅ ነበርኩ። ተለማማጅ ማለት መሰላል የሚሸከም፣ ናፍታ የሚያጣራ፣ ስድብ የሚሰማና በመሃል በመሃል አንዲት ነገር የሚማር ሰው ነው። ልብሴ ናፍታ ናፍታ ስለሚሸት ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰዎች ትንሽ ፈቀቅ ይሉልኝ ነበር፤ እኔ ግን ያከበሩኝ ነበር የሚመስለኝ።

አለቃዬ ከሰሜን የመጣ፣ ሙያውን ወታደር ቤት የተማረ ሰው ነው። ቁጡ ነበር። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ ኮረንቲ ነው የነካቸው። ከእሱ አፍ ከማንም ነገር በላይ የሰማሁት «እጅህን ጥረግ» የሚለውን ነው። መሰላል ከመውጣቴ በፊት «እጅህን ጥረግ»፣ ፒንሳ ከማንሳቴ በፊት «እጅህን ጥረግ»። ሱሪዬ ጭኑ ላይ በመጥረግ ብዛት ሳስቶ እናቴ ደርባ ሰፍታዋለች።

እናቴና እኔ የምንኖረው ከወልቂጤ በእግር በሚኬድበት፣ ጉብሬ አጠገብ ባለ መንደር ነበር። አሁን ያን አካባቢ ባጃጅ ይርመሰመስበታል፤ ተማሪው መጽሐፉን አንጠልጥሎ ያልፋል። ያኔ ጀፎሮው ብቻ ነበር፤ በመንደሩ መሃል የተዘረጋው ሰፊ የሣር መንገድ፣ ግራና ቀኙ እንሰትና ጎጆ። አባቴ ሞቷል። እኅቴ እምድብር ተድራለች። ቤት ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን። አጎቴ መርካቶ ሱቅ ስለነበረው በየመስቀሉ ሲመጣ ከላይ እስከ ታች ያየኝና «ይሄ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል?» ይላል። እናቴ የምትመልስለት ያገኘችው እኔ ሞተር ቤት ስገባ ነው።

የተለማማጆች የተግባር ፈተና ከዘመን መለወጫ በኋላ፣ ከመስቀል በፊት እንደሚሆን ተነገረን። ፈታኝ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ያለፈ ሞተር ቤት በቋሚነት ይቀጠራል። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ካለፍኩ ማታ ማታ እናቴ ቤት እገባለሁ፣ ከወደቅሁ መስቀል ሲያልፍ አጎቴ ይዞኝ ይሄዳል። አጎቴ በዚያ ክረምት ሰው ልኮ «ፈተናውን ይፈተን፤ ካልሆነለት ግን ከእንግዲህ ምክንያት አልሰማም» ብሎናል። እናቴ መልእክቱን ሰምታ ለከብቶቹ ሣር ልትሰጥ ወጣችና ብዙ ቆየች።

ፈተናው አንድ አምፖል ከሁለት ቦታ ማብራትና ማጥፋት ነው። በር ላይ ያበራኸውን አልጋህ ላይ ሆነህ ታጠፋለህ። እንግዲህ በዚያን ዘመን ወልቂጤ ውስጥ ከበሩ ቆመህ እጅህን ብትዘረጋ አልጋው የማይደረስበት ክፍል ስንት እንደነበር እንጃ። ቢሆንም ፈተና ፈተና ነው። አለቃዬ አንድ ጊዜ አሳየኝ፣ ሁለተኛም አሳየኝ፣ ከዚያ «እጅህ ራሱ እስኪያውቀው ድረስ ሥራው፤ ጭንቅላትህ ፈተና ላይ ጥሎህ ይጠፋል፣ እጅህ ግን አይከዳህም» አለኝ። ምን ላይ ልሥራው? ሽቦ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ከሞተር ቤት አይወጣም። ብለምነው ብለምነው ስንዝር የምታክል ቁራጭ ሰጠኝና «ይቺን እያየህ አስብ» አለኝ።

አሰብኩ። ክረምቱ ከብዶ ነበር። ጢሱ ከሣር ክዳኑ በታች ይንሳፈፋል፣ ዝናቡ በእንሰቱ ቅጠል ላይ ሲወርድ ሰው የሚያወራ ይመስላል። እናቴ በተጋደመው እንጨት ላይ እንሰት ወጥራ በቀርከሃ ትፍቃለች፤ ከሥር ለቆጮ የሚሆነው ይወርዳል፣ በእጇ ላይ ነጩ ቃጫ ይቀራል። ያቺን ቁራጭ ሽቦ ሳገላብጥ አየችኝ።

«ወዲህ በለው እስቲ።»

ላስቲኩን ልጬ ውስጡን አሳየኋት። እንደ ፀጉር የቀጠኑትን ክሮች በጣቶቿ መሃል አሽታ አሽታ አየቻቸው።

«ይሄ እኮ ቃጫ ነው» አለች።

«መዳብ ነው እማዬ።»

«ይሁና። የመዳብ ቃጫ ነው።»

ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በጉራጊኛ ነው፤ ላንተ እያዞርኩት ነው። እሷ አማርኛ የምታውቀው ለገበያ የሚበቃትን ያህል ነበር። በሳምንቱ ከሞተር ቤት ስመለስ ሦስት የቃጫ ጥቅል ጠብቆኛል። ቀዩን ለስፌት ከምትገዛው ቀለም ነክራዋለች፣ ጥቁሩን በድስት ጥላሸት አሽታዋለች፣ ነጩን እንዳለ ትታዋለች። «ሽቦህ ይኸው» አለችኝ። ስቄ ነበር። ከዚያ ጥቅሎቹን በእጄ ሳገላብጣቸው ሳቄ ቆመ፤ ውፍረቱ ሳይቀር ልክ ነበር።

ከእንጨት ሁለት እጀታ ጠርቤ አንዱን በሩ አጠገብ፣ አንዱን እናቴ አልጋ ራስጌ በምስማር መታሁ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይላሉ። ለአምፖል ትንሽ ቅል ምሰሶው ላይ አንጠለጠልኩ። ቀዩ ቃጫ ከውጭ ገብቶ የበሩ ማብሪያ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ሁለት ነጭ ክሮች ጎን ለጎን ወደ አልጋው ማብሪያ ይሻገራሉ፤ ከአልጋው ሌላ ቀይ ወደ ቅሉ ይወጣል፤ ጥቁሩ ከቅሉ ይመለሳል። ሁሉን ዘርግቼ እያንዳንዱን በጣቴ እየተከተልኩ አስረዳኋት። ለረጅም ጊዜ አልገባትም። እጀታዎቹን እያነሳች እያወረደች ቆየችና በመጨረሻ ዞር አለች።

«ሁለቱም ወደ ላይ ካሉ ይበራል። ሁለቱም ወደ ታች ካሉም ይበራል። አንዱ ላይ አንዱ ታች ከሆነ ይጠፋል።»

«እንደሱ ነው።»

«ሲስማሙ ነዋ የሚበራው» አለች፤ እንዲህ ቀላል ነገር ለማስረዳት ይህን ያህል መድከሜ እየገረማት።

ከዚያ ወዲህ ፈታኜ እሷ ሆነች። በየማታው አፍርሼ እዘረጋዋለሁ፣ እሷ ኩራዟን ይዛ ምሰሶው ሥር ትቀመጣለች። የበሩን እጀታ ሳነሳ፣ መስመሩን በዓይኗ ከዳር እስከ ዳር ትከተልና ልክ ከሆነ ኩራዟን ትለኩሳለች። «በራ» ትላለች። ከተሳሳትኩ ክብሪቱን አትነካም። «አልበራም። ቀዩ እዚህ ጋ ተበጥሷል» ትለኛለች። እንደ አለቃዬ አትሳደብም፤ ግን ጨለማ ውስጥ ታስቀምጠኛለች። ከማታ እራት በኋላ አልጋዋ ላይ ሆና የራስጌውን እጀታ ገልበጥ ታደርግና ኩራዙን እፍ ትለዋለች። ይህን ስታደርግ በየቀኑ ትስቃለች። የእናቴን ሳቅ አስታውስ ስባል የሚመጣልኝ ያ በጨለማ ውስጥ የሰማሁት ነው።

ክር ከክር የማያያዙን ሥራ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ደረቅ ቃጫ ይበታተናል፣ አይጠመዘዝም። ስታገል አየችኝና ጫፉን ከእጄ ወስዳ ከንፈሯ መሃል አሳለፈችው፤ ከዚያ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አንድ ጊዜ ስታዞረው ተቋጨ። «ደረቁን ቃጫ አታስገድደው። ምራቅ ስጠው፣ እሺ ይልሃል።» እኔም ሰጠሁት። ክረምቱን ሙሉ አፌ ቃጫ ቃጫ ይለኝ ነበር። መጋጠሚያዎቼ እያማሩ መጡ፤ እጄም ሥራውን ሳይጠይቀኝ መሥራት ጀመረ። አለቃዬ ያለው ልክ ነበር።

የፈተናው ዕለት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጀፎሮው ዳር አደይ ፈክቷል። እናቴ ሸኚኝ ሳልላት እስከ ጀፎሮው ጫፍ መጣች። ምክር አልሰጠችኝም። «ሲበራ አይተህ ና» ብቻ አለችኝ።

ፈታኙ ግራጫ ኮት የለበሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። የጃንሆይ ፎቶግራፍ በተሰቀለበት ክፍል ሁለት ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተመቷል፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ ከቡታጅራ የመጣ ሌላ ተለማማጅ። አለቃዬ በር ላይ ቆሟል፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ያላበው ይመስለኛል። «ጀምሩ» ሲባል መጀመሪያ ያደረግኩት እጄን መጥረግ ነው። አለቃዬ በእርካታ ራሱን ሲነቀንቅ በዓይኔ ጥግ አየሁት።

እጄ ሠራ። ካቻቪቴው፣ ፒንሳው፣ ሽቦው፣ ሁሉም የታወቀ ቤት እንደ መግባት ሆነልኝ። የቡታጅራው ልጅ ገና የመጀመሪያውን ማብሪያ ሲያስር እኔ ሁለተኛው ጋ ደርሻለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ዛሬም ያን ደስታ አስታውሰዋለሁ። ክፍሉ ጸጥ ማለቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ቀና ስል ፈታኙ አጠገቤ ቆሞ አፌን ያያል።

«አሁን ምን አደረግክ?»

«የቱን ጌታዬ?»

«ሽቦውን አፍህ ውስጥ ከተትከው።»

አላመንኩም። አለቃዬን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ምላሴ ላይ የሆነ ቀዝቃዛ፣ የሚኮመጥጥ ነገር ነበር፤ የመዳብ ጣዕም። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በምራቄ አርሼ ነበር የጠመዘዝኩት፤ አንዱንም አላወቅሁትም።

«ጨርስ» አለ ፈታኙ። ጨረስኩ። ሞተሩ በቀን ተነሳ፤ ከተማው ግራ ገብቶት ሰዎች ከየሱቁ ብቅ ብቅ አሉ። ፈታኙ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ ሞከረ። አምፖሉ በራ፣ ጠፋ፣ በራ። እንከን አልነበረውም። ሰውየው ለረጅም ጊዜ አምፖሉን አይቶ ወደ አለቃዬ ዞረ። እኔ እንዳልሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው፤ ግን ሰማሁት።

«ሥራው ንጹህ ነው። ግን ሽቦው ውስጥ ኮረንቲ ባለበት ቀን ይሄንኑ ያደርጋል። ዛሬ ባሳልፈው ነገ ለእናቱ ምን እላለሁ?»

አለቃዬ ለመነው። ያ ቁጡ ሰው፣ እነዚያን የማይታጠፉ ጣቶቹን አጣምሮ፣ «ላስተወው፣ እኔ እይዘዋለሁ» እያለ ለመነ። አልሆነም። የቡታጅራው ልጅ አለፈ። ፈታኙን ለመጥላት ብዙ ዓመት ሞክሬያለሁ፤ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ተውኩት።

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ እንዳያልቅ እየተጎተትኩ ነበር። እናቴ ቃጫ እየለቀመች ደጅ ተቀምጣለች። ሳትነሳ ጠየቀችኝ።

«በራ?»

«በራ።»

እልል አለች። ጎረቤት እስኪሰማ እልል አለች። ጨርሳ ፊቴን ስታይ ነው ድምፅዋ የቀነሰው። «ታዲያ?»

«ሰው ሞልቶባቸዋል። አንድ ብቻ ነው የፈለጉት።»

አጠገቧ የነበረውን ቃጫ አንስታ ጫፉን ከንፈሯ ላይ አደረገችው። ያን ጊዜ ፊቴን አዞርኩ።

መስቀል መጣ፣ አጎቴ መጣ፣ ክትፎው ተበላ፣ ደመራው ነደደ። ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔና እናቴ እንደ እንግዳ ሆንን። በነጋታው በማለዳ ጓዜን ይዤ ወጣሁ። አጎቴ ደጅ ይጣራል። በሩ ጋ ስደርስ እጄ፣ ያ ሁሉን የሚያውቀው እጄ፣ የእንጨቱን ማብሪያ ወደ ታች ገለበጠው። ከቤት ሲወጣ ማጥፋት አለቃዬ ያስተማረኝ ነበር። እናቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

«ለምን ታጠፋዋለህ?» አለችኝ። «እኔ ውስጥ አለሁ እኮ።»

መልሼ አነሳሁት። ፈገግ አለች። ሄድኩ።

በሚቀጥለው መስቀል ስመጣ መስመሩ ግድግዳው ላይ እንዳለ ነበር። ጢሱ ትንሽ አጠይሞታል፤ ቀዩ አሁንም ቀይ ነው። ቅሉም ምሰሶው ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል፤ እናቴ ቃጫ ስትሠራ ከጎኗ ውኃ ያለበት ጣባ ተቀምጧል። ጫፉን ውኃው ውስጥ ነከር፣ በጣቷ ጠምዘዝ። አንድም ጊዜ ወደ አፏ አላስጠጋችውም። ለረጅም ጊዜ አየኋት። እያየኋት መሆኑን ታውቃለች።

«አለቃህን ገበያ አገኘሁት» አለች ቀና ሳትል። «ሰላም ብሎሃል።»

አልጠየቅኋትም። ስለ ፈተናው ከነገራት በዚያ በገበያ አማርኛዋ ምን ያህሉን እንደሰማች፣ መንገዱን ብቻዋን እንዴት እንደተመለሰች ዛሬም አስባለሁ። «ያንቺ ጥፋት አይደለም፤ ያን አምፖል ያበራሽው አንቺ ነሽ» ልላት ይገባኝ ነበር። ዕድሜዬ ገና ነበር፤ ለእናት እንዲህ ያለ ነገር በአፍ የሚነገር አይመስለኝም ነበር። ጣባውን አንስቼ ውኃውን ቀየርኩላት፤ ያኔ የቻልኩት ያን ነው።

የሞተችው በቀጣዩ ክረምት ነው። መልእክቱ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ መንገዱም ጭቃ ነበር። ስደርስ ተቀብራለች። ለቀስተኛው ተመልሶ፣ እኅቴም እንቅልፍ ጥሏት፣ ከሰዓት በኋላው ጸጥ ሲል ብቻዬን ቤት ውስጥ ቀረሁ። የዝናቡና የቆጮው ሽታ እንደ ድሮው ነበር። መስመሩን በጣቴ ተከተልኩት። ቀዩም ነጩም ጠቁሯል፤ ከጥቁሩ የሚለየው ማን የት እንደዘረጋው የሚያውቅ ብቻ ነው። የበሩ ማብሪያ ትቼው እንደሄድኩት ወደ ላይ ነው። አልጋው ራስጌ ሄድኩ። እሱም ወደ ላይ ነው።

ጎረቤታችን የሆነችው ሴትዮ ስታየኝ ቆይታ ኖሯል፤ በሩ ላይ ቆማለች። ስታስታምማት የሰነበተችው እሷ ናት።

«እሱን እኔ ነኝ ያነሳሁላት» አለችኝ። «በመጨረሻው ማታ እጇ አልደርስ ብሏት አስቸገረችኝ። ወደ ላይ አድርጊው፣ ወደ ላይ አድርጊው አለችኝ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ብቻ አደረግሁላት። ከዚያ የሚነድ ነገር ሳይኖር ያንን ቅል እያየች ‹በራ› አለች።» ቀጥላም፣ «ግድግዳው ሊለሰን ነው፣ ክሩን ልንቀለው ወይስ ይቆይ?»

«ይቆይ» አልኳት።

በማግስቱ ስወጣ አጎቴ እንደዚያን ጊዜው ደጅ ይጣራ ነበር። በሩ ጋ እጄ ወደ ማብሪያው ሄደ። ከቤት ሲወጣ ይጠፋል። ቤቱ ውስጥ አሁን ማንም የለም። እጄ እጀታው ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ሳልገለብጠው በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።